መልስ፦ የበሰበሰው የግቢ በር

ወንድሜ፣ ደብረ ብርሃን ያለው የግቢ በርህ የታችኛው አግዳሚ ስለበሰበሰ፣ ቆርቆሮው ሳይነሳ ሌላ ጣውላ ልምታበት ወይ ብለሃል። በፍጹም እንዳታደርገው! ብስባሹ እዚያው ታፍኖ አዲሱንም ይበላዋል።

ቆርቆሮውን ከታች በኩል ንቀልና እንጨቱን በካቻቢቴ ውጋው። ዝም ብሎ ከገባ ገና ነው። ጠንከር ብሎ እስኪመልስህ እየወጋህ ሂድ፤ የምትቆርጠው ከዚያ አልፈህ ነው።

አዲሱ ጥድ ቢሆን ይመረጣል። ባሕር ዛፍም ይሆናል፣ ግን በደንብ የደረቀ ይሁን፤ እርጥቡ ኋላ ይጣመምብሃል። እንጨት ውሃ አብዝቶ የሚጠጣው በተቆረጠው ጫፉ ስለሆነ፣ ከመግጠምህ በፊት ጫፎቹን ደጋግመህ ዘይት ቀለም ቀባ። ቆርቆሮው ላይ የቀሩትን የድሮ የሚስማር ቀዳዳዎች በሲልከን ድፈን። በሩም ከመሬት ሦስት ጣት ያህል ከፍ ይበል። ብቻ ክረምቱ ሳይገባ ጨርሰው፤ በእኛ አገር ሐምሌ እንጨትም ቀለምም እሺ ብሎ አይደርቅም።