አስተያየቱን ኮርሱ ሳያልቅ ይሰብስቡ

ሰላም መምህር፤ በሴሚስተሩ ማብቂያ የሚሞላው መጠይቅ ነጥብ እንጂ ኮርሱን የሚያሻሽል ሐሳብ አላስገኘልኝም፣ ምን ላድርግ ብለው ጠይቀዋል። እኔ ችግሩ ጊዜው ይመስለኛል። ተማሪው ለእሱ ለማይደርስ ለውጥ ለምን ይደክማል?

በሃርቫርድ ስታቲስቲክስ ያስተምሩ የነበሩት ፍሬድሪክ ሞስቴለር በክፍለ ጊዜው መጨረሻ ዋናው ነጥብ ምን ነበር፣ ያልጠራላችሁስ የቱ ነው እያሉ በጽሑፍ ይጠይቁ ነበር። እርስዎም ይሞክሩት፤ ብጣሽ ወረቀት፣ ያለ ስም፣ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። በአማርኛም ሆነ በሚቀናቸው ሌላ ቋንቋ ይጻፉ፤ የእንግሊዝኛ ሰዋስው የሚያስፈራው ተማሪ ሐሳቡን ውጦ ይቀራል። ሲጽፉ እርስዎ ከክፍል ይውጡ፣ ተጠሪያቸው ይሰብስብ። «የእጅ ጽሑፌን ለይቶ ውጤቴን ይቀንስብኛል» የሚለው ስጋት እውነተኛ ነው፤ አይናቁት።

ከዚያ ወረቀቶቹን በየጉዳያቸው ይከምሩ። ብዙዎች «ቀመሩን ገለበጥን እንጂ መቼ እንደምንጠቀምበት አልገባንም» ካሉ ያንን ክፍል በሌላ ምሳሌ ይድገሙት። ለአንድ ሰው ቅሬታ ግን የኮርሱን ዕቅድ አይናጡ። ዋናው ሥራ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ያሉትን፣ የሚለውጡትንና የማይለውጡትን ከነምክንያቱ ይንገሯቸው። ይህን ካልሰሙ በሚቀጥለው ጊዜ ባዶ ወረቀት ይመልሱልዎታል።