ከየትኛው ቦርድ ልጀምር? ስለ አርዱይኖና ኢኤስፒ32 የጠየቃችሁኝ

ስለ አርዱይኖ፣ ስለ ኢኤስፒ32 እና ስለ መሰል ትናንሽ ቦርዶች (ኮድ ተጭኖባቸው ሴንሰርና መብራት ስለሚቆጣጠሩት) መጠየቅ የሚፈልግ ካለ ይጠይቀኝ ብዬ ነበር። ብዙ ጥያቄ ደረሰኝ። የሚመሳሰሉትን ሰብስቤ አንድ ላይ እመልሳለሁ። ረዘም የሚለው ሮቶ ውስጥ ያለውን ውሃ የመለካቱ ጉዳይ ነው፤ አብዛኛው ሰው የጠየቀኝ እሱን ነውና። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች ናቸው።

ጥያቄ፦ አዳማ ነው የምማረው፣ ሁለተኛ ዓመት ኤሌክትሪካል። ያለኝ ብር ለአንድ ቦርድ ብቻ ነው የሚበቃው። ኡኖ ልግዛ ወይስ ኢኤስፒ32?

መልስ፦ ኢኤስፒ32 ግዛ። የተለመደው አርዱይኖ ኡኖ በ16 ሜጋኸርዝ ይሠራል፤ ለኮድ 32 ኪሎባይት፣ ለራም 2 ኪሎባይት ነው ያለው። ዋይፋይ የለውም። ኢኤስፒ32 እስከ 240 ሜጋኸርዝ ይሄዳል፣ 520 ኪሎባይት ራም አለው፣ ዋይፋይና ብሉቱዝ እላዩ ላይ ነው። ዋጋው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከኦሪጅናሉ ኡኖ ያንሳል። ኮዱን የምትጽፈው በዚያው በአርዱይኖ አይዲኢ (ኮድ መጻፊያና መጫኛ ፕሮግራም) ስለሆነ ለኡኖ የተዘጋጀው ትምህርት አብዛኛው ይሠራልሃል።

«በ2023 የወጣው ኡኖ አር4 ዋይፋይ አለው እኮ» ብለህ ከሆነ ልክ ነህ። ግን ዋይፋዩን የሚሰጠው እላዩ ላይ የተቀመጠ የኢኤስፒ32 ቺፕ ነው።

ኡኖ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ ቻይ ነው። የድሮው ኡኖ ፒኖች (ሽቦ የሚገናኝባቸው እግሮች) 5 ቮልት ይቀበላሉ። ኢኤስፒ32 የሚሠራው በ3.3 ቮልት ነው። ፒኑ ላይ 5 ቮልት ብትሰጠው ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ሴንሰሩ ስንት ቮልት እንደሚያወጣ ሳታይ ሽቦ አታገናኝ።

ጥያቄ፦ ሱቅ የማገኘው ሁሉ ኮፒ ነው። ኮፒ መግዛት ሌብነት አይሆንም?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን በመጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። እኔን ወደዚህ ሥራ የሳበኝ ነገር ራሱ እዚህ ጋ ነው ያለው።

አርዱይኖ የተጀመረው በ2005 ኢቭሪያ በምትባል የጣሊያን ከተማ ነው። እዚያ በነበረ የዲዛይን ትምህርት ቤት መምህራኑ ኢንጂነር ላልሆኑ ተማሪዎች የሚሆን ርካሽ ቦርድ ቸገራቸው። ከእነሱ በፊት ኸርናንዶ ባራጋን የሚባል ኮሎምቢያዊ ተማሪ እዚያው ትምህርት ቤት «ዋይሪንግ» የተባለውን ሥራ ለመመረቂያው ጀምሮ ነበር። አርዱይኖ የተገነባው በእሱ ላይ ነው። የዚህ ልጅ ስም ብዙ ጊዜ ስለሚዘለል ሆን ብዬ አነሳሁት። «አርዱይኖ» የሚለው ስም የመጣው ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ማሲሞ ባንዚና ባልደረቦቹ ከሚሰበሰቡበት ቡና ቤት ነው። ቡና ቤቱ ደግሞ ከ1,000 ዓመት በፊት በነገሠ የዚያ አገር ንጉሥ የተሰየመ ነው።

ሰዎቹ ያደረጉት ትልቅ ነገር ንድፉን መልቀቃቸው ነው። የትኛው እግር ከየትኛው እንደሚገናኝ፣ የትኛው ሬዚስተር (ኤሌክትሪኩን የሚገድበው ዕቃ) ስንት ኦም እንደሆነ፣ ሁሉም ተለቋል። ማንም አውርዶ መሥራት፣ መለወጥ፣ መሸጥ ይችላል። ስለዚህ በሌላ ስም የሚሸጥ ቦርድ ሌብነት አይደለም፤ በተሰጠ ፈቃድ የተሠራ ነው። ያልተሰጠው ስሙና አርማው ነው። የአርዱይኖን አርማ ለጥፎ ኦሪጅናል ነኝ የሚለው፣ እሱ ፎርጅድ ነው። አቅሙ ሲኖርሽ አንድ ቀን ኦሪጅናሉን ግዢ። በነጻ የምንጠቀምበት ሶፍትዌር እንዲቀጥል የሚረዳው ከዚያ የሚገኘው ገንዘብ ነው።

የኡኖን ንድፍ አትመሽ ጠረጴዛሽ ላይ አስቀምጪው። መጀመሪያ የሸረሪት ድር ይመስላል። ግን የቦርዱን ትንሿን አምፖል በጣትሽ ይዘሽ መስመሯን ወረቀቱ ላይ ስትከተዪ 13ኛው ፒን ላይ ትደርሻለሽ። ያኔ የቀረውም መገለጥ ይጀምራል።

ጥያቄ፦ ቦርዱን ሰካሁት፣ መብራቱ በርቷል፣ ኮምፒውተሬ ግን አያየውም። ተበላሽቶ ነው የሸጡልኝ?

መልስ፦ ከመመለስህ በፊት ኬብሉን ቀይር። ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ፣ ዳታ የማያሳልፉ የዩኤስቢ ኬብሎች አሉ። እኔ ሁለት ምሽት ሙሉ ሾፌሩን (ኮምፒውተሩ ቦርዱን እንዲያውቀው የሚያደርገውን ሶፍትዌር) ስጭንና ስነቅል ያደርኩት በዚህ የተነሳ ነው። ኬብሉ ከኢርፎን ጋር በነጻ የመጣ ነበር። አሁን ዳታ የሚያሳልፈው ኬብል ላይ ቀይ ክር አስሬበታለሁ።

ኬብሉ ደህና ከሆነ ቦርዱ ላይ «ሲኤች340» የሚል ቺፕ እንዳለ እይ። ርካሾቹ ቦርዶች ላይ እሱ ነው የሚበዛው፤ አንዳንድ ኮምፒውተር ላይ ሾፌሩን ለብቻው መጫን ያስፈልጋል። ኢኤስፒ32 ሆኖ «ኮኔክቲንግ» እያለ ነጥብ ብቻ የሚደረድር ከሆነ ደግሞ «ቡት» የምትለዋን ቁልፍ ተጭነህ ያዛት፣ መጻፍ ሲጀምር ልቀቃት።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተር የለኝም። በስልክ መማር ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ዎክዊ የሚባል በብሮውዘር የሚሠራ ማስመሰያ አለ። ኡኖም ኢኤስፒ32ም ስክሪኑ ላይ ታገኛለህ፤ ሽቦ ትስባለህ፣ ኮድ ትጽፋለህ፣ አምፖሉ ይበራል። ምንም ሳትገዛ አንድ ወር እዚያ ላይ ሥራ። ቦርድ ካገኘህ በኋላ አንድሮይድ ስልክ በኦቲጂ ኬብል ከኡኖ ጋር ይገናኛል፤ አርዱይኖድሮይድ የሚባለው አፕ ኮዱን ይጭናል። ጣት ያደክማል፣ ግን ይሠራል።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ አዲስ አበባ። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሮቶው ጣራ ላይ ነው። ሌሊት ተነስቼ መሰላል መውጣት ሰለቸኝ። ስንት ውሃ እንዳለ ስልኬ ላይ ማየት እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ ጋሼ። ለመማርም ከዚህ የተሻለ ሥራ አላውቅም፤ መጨረሻ ላይ መሰላሉ ይቀርልዎታል።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። ሮቶው ክዳን ላይ ወደ ታች የሚያይ የድምፅ ሴንሰር ይገጥማሉ። ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ ውሃው ላይ ነጥሮ ይመለሳል፤ ቦርዱ የፈጀበትን ጊዜ ይለካል። ድምፅ 1 ሴንቲሜትር ሄዶ ለመመለስ ወደ 58 ማይክሮሰከንድ ይፈጅበታል። 4,640 ማይክሮሰከንድ ካነበቡ ለ58 ያካፍሉት፤ ውሃው ከሴንሰሩ 80 ሴንቲሜትር ይርቃል ማለት ነው። ሮቶው ባዶ ሲሆን 130፣ ሙሉ ሲሆን 30 የሚያነብ ከሆነ፣ 80 ማለት ግማሽ ነው። የእርስዎን ቁጥር ራስዎ በሜትር ይለኩት፤ ሮቶ ሁሉ አንድ አይደለም። ይህ ሒሳብ የሚሠራው ለቆመ ሮቶ ነው። የተጋደመ ከሆነ የውሃው መጠን ከከፍታው ጋር እኩል ስለማይሄድ ሌላ ቀመር ይፈልጋል።

አሁን የሚያሳስቱ ነገሮች። በጣም ርካሹ ሴንሰር ኤችሲ-ኤስአር04 ነው፤ ሁለት ዓይን የመሰለ ፊት አለው። ጠረጴዛ ላይ ግሩም ነው። ሮቶ ውስጥ ግን እንፋሎቱ ይገባበታል። እኔ የገጠምኩት ጥቂት ሳምንት ሠርቶ ቁጥር ይቀባጥር ጀመር። አውርጄ ሳየው መረቡ ሥር ጠብታ ተንጠልጥሏል። ለሮቶ ጄኤስኤን-ኤስአር04ቲ የሚባለው ይሻላል፤ ፊቱ የተደፈነ፣ ከቦርዱ በኬብል የራቀ ነው። አመሉ ከ20 ወይም 25 ሴንቲሜትር በታች ያለውን በደንብ አለማየቱ ነው። ስለዚህ ሮቶው ሲሞላ ውሃው ከዚያ በላይ እንዳይጠጋው ከፍ አድርገው ይግጠሙት።

ሁለተኛው፣ እነዚህ ሴንሰሮች በ5 ቮልት ሲሠሩ መልሳቸውም 5 ቮልት ነው። ወደ ኢኤስፒ32 በቀጥታ እንዳይሰጡት። ሁለት ሬዚስተር ይበቃል። ከሴንሰሩ «ኤኮ» ፒን 1 ኪሎ ኦም፣ ከእሱ ቀጥሎ ወደ ግራውንድ (የኤሌክትሪኩ መመለሻ ፒን) 2 ኪሎ ኦም። መሃላቸው ላይ የሚገኘው 3.3 ቮልት ገደማ ነው፤ ኢኤስፒ32ን ከዚያ ያገናኙት። ከማገናኘትዎ በፊት በቴስተር ይለኩት።

ሦስተኛው፣ የተለመደው ኢኤስፒ32 የሚያየው 2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ብቻ ነው። ራውተርዎ 5 ጊጋኸርዝ ብቻ እየላከ ከሆነ ቦርዱ ጭራሽ አያገኘውም።

ቦርዱ ራሱ ትንሽ ድረ ገጽ ያቀርባል። ስልክዎ ያው የቤቱ ዋይፋይ ላይ እስካለ ድረስ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ገጹ ይከፈታል። አንድ ንባብ ብቻ አይመኑ፤ አምስት ጊዜ አንብቦ መሃለኛውን እንዲወስድ ያድርጉት። ፓምፑን ራሱ እንዲያበራና እንዲያጠፋ ማድረጉ ለኋላ ይቆይ። መጀመሪያ አንድ ወር ቁጥሩን ብቻ ይመልከቱ። ከዚያ ፓምፑን ሲያስቡ የ220 ቮልቱን ሥራ ለኤሌክትሪሻን ይስጡ።

ጥያቄ፦ የእንቁላል ማስፈልፈያ ሠራሁ። በዲኤችቲ11 (የሙቀትና የእርጥበት ሴንሰር) ነው የምቆጣጠረው። ከ40 እንቁላል 6 ብቻ ተፈለፈለ። ኮዱ ነው ችግሩ?

መልስ፦ እንቁላሎቹ ራሳቸው ደህና ከነበሩ ሴንሰሩን ነው መጀመሪያ የምጠረጥረው። የዶሮ እንቁላል 37.5 ዲግሪ አካባቢ ለ21 ቀን ይፈልጋል። ዲኤችቲ11 እስከ 2 ዲግሪ ወደላይም ወደታችም ሊስት ይችላል። 37.5 ሲልሽ እውነቱ 39.5 ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ለሙቀቱ ዲኤስ18ቢ20 አድርጊ፤ ስህተቱ በግማሽ ዲግሪ ውስጥ ነው። ለእርጥበቱ ዲኤችቲ22 ይሁን። ሴንሰሩን እንቁላሎቹ አናት ላይ እንጂ አምፖሉ አጠገብ አታድርጊው። ከመጀመርሽ በፊት ደግሞ የብብት ቴርሞሜትር አብረሽ አስገብተሽ አወዳድሪ።

ሌላው፣ ሪሌው (ማሞቂያውን የሚያበራውና የሚያጠፋው ማብሪያ) 37.5 ላይ ቶሎ ቶሎ እንዳይበራና እንዳይጠፋ በ37.3 ይብራ፣ በ37.7 ይጥፋ። መብራት ሲጠፋ ቦርዱን በፓወር ባንክ ማቆየት ትችያለሽ፤ ማሞቂያውን ግን ፓወር ባንክ አይሸከመውም። ሳጥኑን በወፍራም ስታይሮፎም ብትለብጪው ሙቀቱ ቶሎ አይሸሽም።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። አዲስ አበባ ላለ የ13 ዓመት የወንድሜ ልጅ ምን ልላክለት?

መልስ፦ መቶ ዓይነት ዕቃ ያለበትን ትልቅ ሳጥን ተወው። ሁለት ቦርድ ላክ፤ አንዱ መቃጠሉ አይቀርም፣ ያኔ ልጁ ተስፋ እንዳይቆርጥ። ዳታ የሚያሳልፍ ኬብል፣ ብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ ዕቃ የሚሰካበት ሰሌዳ)፣ ጃምፐር ሽቦ፣ 220 ኦምና 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ትናንሽ አምፖሎች፣ አንድ ቴስተር። ኮድ ጭራሽ ነክቶ ካላወቀ ማይክሮቢት ይሻለዋል። በ2016 ቢቢሲ ለእንግሊዝ ተማሪዎች በነጻ ያደለው ቦርድ ነው፤ 25 ትናንሽ መብራትና ሁለት ቁልፍ እላዩ ላይ አሉት፣ ኮዱንም እንደ ጡብ በመደርደር ይጀምራል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። እዚያ ሱቅ የሚሸጠው መበየጃ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። እዚህ 220 ነው፤ ሲሰካ ከታሰበለት ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይስባል፣ ይቃጠላል። «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል የተጻፈበት ካልሆነ አትላክ። ደግሞ እሑድ እሑድ ደውልለትና «ምን ሠራህ፣ አሳየኝ» በለው። ልጁ ከዕቃው ይልቅ ይህን ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ ራስበሪ ፓይና አርዱይኖ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ በ2012 የወጣው ራስበሪ ፓይ ሙሉ ኮምፒውተር ነው፤ ሊኑክስ ይጭናል፣ ስክሪን ይሰካበታል። አርዱይኖ የሰጠኸውን አንድ ኮድ ብቻ ይደጋግማል። ስሙ እንዳያሳስትህ፣ በ2021 በ4 ዶላር የወጣው ራስበሪ ፓይ ፒኮ ግን የአርዱይኖ ወገን ነው።

ጥያቄ፦ ዝዋይ አካባቢ ማሳ አለን። ዋይፋይ የለም። የአፈሩን እርጥበት በኤስኤምኤስ ማግኘት እችላለሁ?

መልስ፦ የቱጂ ኔትወርክ ካለ በሲም800ኤል ሞጁል (ሲም ካርድ የሚገባበት፣ ኤስኤምኤስ የሚልክ ዕቃ) ይቻላል። ሰው ሁሉ የሚቸገረው በኃይሉ ነው። ሞጁሉ ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት ይፈልጋል፣ ሲልክም ለቅጽበት እስከ 2 አምፔር ይስባል። ከቦርዱ ፒን ልታበላው ብትሞክር ይጠፋና ይነሳል። ከሊቲየም ባትሪ በቀጥታ በወፍራም ሽቦ አገናኘው። የአፈር ሴንሰሩ ደግሞ ካፓሲቲቭ የሚባለው ይሁን። ሁለት የተገለጠ የብረት ጥርስ ያለው እርጥብ አፈር ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይበላል፣ ቁጥሩም አብሮ ይዛባል።

ጥያቄ፦ ኤምኪውቲቲ ሲባል እሰማለሁ። ምንድን ነው?

መልስ፦ ዕቃዎች አጭር መልእክት የሚለዋወጡበት መንገድ ነው። በ1999 የተሠራው የነዳጅ ቧንቧዎችን በሳተላይት ለመከታተል ነበር፤ የሳተላይት መስመር ውድ ስለነበር መልእክቱ እንዲያንስ ተደርጎ ነው የተሠራው። መሃል ላይ ያለው ሰርቨር ብሮከር ይባላል፣ ደላላ ማለት ነው። ሮቶው «ቤት/ሮቶ» በሚል ርዕስ 50 ብሎ ለደላላው ይነግራል። ያንን ርዕስ የሚፈልግ ስልክ ሁሉ ከደላላው ይሰማል። ሮቶውና ስልኩ መተዋወቅ የለባቸውም። ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ቦታ ይህ በጣም ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ ኢኤስፒ32ቱን በባትሪ አሠራሁት፣ ባትሪው በአንድ ቀን አለቀብኝ። ለምን?

መልስ፦ ዋይፋዩ ሁሌ ስለበራ። በአማካይ 100 ሚሊአምፔር ቢስብ 2,500 ሚሊአምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ 25 ሰዓት ነው የሚቆየው። በየ15 ደቂቃው ነቅቶ፣ ልኮ፣ ወደ ጥልቅ እንቅልፍ (ቦርዱ በጣም ትንሽ ኃይል ብቻ ወደሚስብበት ሁኔታ) እንዲመለስ አድርገው።

ጥያቄ፦ አሁን ነው የሰካሁት፣ ቺፑ ጣት ያቃጥላል፣ ሽታም አለው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ ዩኤስቢውን ንቀል። ሽቦዎቹን በሙሉ አውጣ። ቦርዱን እስኪበርድ ተወው፣ ከዚያ ባዶውን ለአምስት ሰከንድ ብቻ ሰክተህ በጣትህ ዳስሰው። ካልሞቀ ዕድለኛ ነህ፤ ጥፋቱ ሽቦህ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የፕላስና የግራውንድ መገለባበጥ ነው። ቦርዱን ነቅለህ፣ ቴስተሩን ሽቦዎች ሲነካኩ ድምፅ በሚያሰማበት ምልክት ላይ አድርገህ 5 ቮልቱና ግራውንዱ መነካካታቸውን እይ። ካጣኸው የሽቦውን ፎቶ ከላይ አንስተህ ላክልኝ፣ አብረን እንፈልገዋለን።