ጥያቄና መልስ፦ የ2014 ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ምድባችን እና ያቺ ሁለተኛ ቢጫ ካርድ

ጋሼ ዳኛው፦ ሰላም ጀመዓ፣ የደሴም የኮምቦልቻም። ቃል በገባሁት መሰረት ዛሬ ማታ ስለ ብራዚሉ ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። ምድብ ኤ፣ እኛ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ቦትስዋና፣ መካከለኛው አፍሪካ። ሁለት ነገር አደራ። ቀን ስትጽፉ የኛ ይሁን የፈረንጅ ለዩ፣ ባለፈው ግማሹ ሰው 2005 ሲባል ሌላ ዘመን እያሰበ ነበር የሚከራከረው። ሌላው ደግሞ ተጫዋች መሳደብ የለም፣ በዚያች ካርድ ሰበብ ምንያህል ተሾመን ለሚሰድብ ሰው አልመልስም።

ሸዋበር፦ ጋሼ እንዴት አመሹ፣ እስቲ ስለ ምድቡ ያጫውቱን

ጋሼ ዳኛው፦ ስለ ምድቡ ምኑን? ጥያቄ ጠይቅ።

ሸዋበር፦ ውጤቶቹን ማለቴ ነው፣ እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ

ጋሼ ዳኛው፦ እሺ እንዲህ በል። ግንቦት 26፣ 2004 በኛ ሩስተንበርግ ሄደን ከደቡብ አፍሪካ 1 ለ 1፣ ሳላዲን አገባ፣ ምፌላ አቻ አደረጋቸው። በሳምንቱ መካከለኛው አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0፣ ሁለቱም የሳላዲን። መጋቢት 15፣ 2005 ቦትስዋናን 1 ለ 0፣ ጌታነህ። ሰኔ 1 ቦትስዋና ሄደን 2 ለ 1 አሸነፍን፣ ይቺን ያዝልኝ፣ እመለስባታለሁ። ሰኔ 9 ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1። ጳጉሜ 2 መካከለኛው አፍሪካን ብራዛቪል ላይ 2 ለ 1። እነሱ አገር ጸጥታ ስላልነበረ ነው ኮንጎ የተጫወትነው። መጨረሻ ላይ እኛ 13፣ ደቡብ አፍሪካ 11፣ ቦትስዋና 7፣ መካከለኛው አፍሪካ 3። አሰልጣኙ ሰውነት ቢሻው።

አራዳ፦ ጋሼ አምስት አሸንፈን አንድ አቻ ከወጣን 16 አይሆንም እንዴ? 13 ከየት መጣ?

ጋሼ ዳኛው፦ ጎበዝ፣ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። ሰኔ 1 ሜዳ ላይ ያሸነፍነው ጨዋታ በወረቀት ተወሰደብን። ምንያህል ተሾመ ሩስተንበርግ ላይ አንድ ቢጫ አየ፣ መጋቢት ላይ ከቦትስዋና ስንጫወት ሁለተኛ አየ። በማጣሪያው ደንብ በሁለት የተለያየ ጨዋታ ሁለት ቢጫ ያየ ተጫዋች ቀጣዩን አንድ ጨዋታ ይቀመጣል። ቀጣዩ ጨዋታ ያው የሰኔ 1 የቦትስዋናው ነው። መቀመጥ የነበረበት ልጅ ተሰለፈ። ፊፋ ጉዳዩን መያዙን ያሳወቀው ደግሞ ደቡብ አፍሪካን ባሸነፍንበት እለት ነው፣ ሰዉ ፒያሳ ላይ እየጨፈረ ወሬው መጣ። ከዚያ የተለመደው ቅጣት፣ 3 ለ 0 ፎርፌ ለቦትስዋና፣ ሦስቱም ነጥብ ለነሱ። ራሱ ፌዴሬሽኑም ጥፋቱን አምኗል።

አሁን ሁለቱን ቢጫዎች እዩልኝ። በመካከላቸው ዘጠኝ ወር ከምናምን አለ። በዚያ መሀል ቡድኑ ሱዳንን ጥሎ ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ አለፈ፣ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ተጫወተ፣ ተመለሰ። የአፍሪካ ዋንጫው ካርድ ለብቻ ነው የሚቆጠረው፣ የዓለም ዋንጫው ማጣሪያ ለብቻ። ሁለት ውድድር ጎን ለጎን ሲሄድ በጭንቅላት የሚይዝ ሰው መሳሳቱ አይቀርም፣ ለዚህ ነው በጽሁፍ መያዝ ያለበት እያልኩ ለዓመታት የምጮኸው። ይሄ የቡድን መሪ ስራ ነው። የአሰልጣኝም የተጫዋችም አይደለም።

ሰኞ ገበያ፦ ኧረ ጋሼ ልጁ ራሱ ካርድ ማየቱን አያውቅም? እኔ ብሆን

ጋሼ ዳኛው፦ ያውቃል። ካርዱን አይቷል፣ ማን አላየም አለ? ግን ተጫዋች ስሙ ሰሌዳ ላይ ከተጻፈ ይገባል። በአንድ አገር ብሄራዊ ቡድን ወረቀቱን የሚያጣራ ሰው ተመድቦ እያለ ጥፋቱን ልጁ ላይ መጫን ግፍ ነው። ተጫዋች መስደብ የለም ብያለሁ።

ቧንቧ ውሃ፦ ደቡብ አፍሪካ ላይ ሁለቱን ያገባው ማን ነበር

ጋሼ ዳኛው፦ ፓርከር ለነሱ ቀድሞ አገባ፣ ጌታነህ አቻ አደረገን፣ ሁለተኛውን ያው ፓርከር በራሱ መረብ ላይ። ጌታነህ ከዚያ በኋላ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ለቢድቬስት ዊትስ ፈረመ።

ጦሳ፦ እኔ የምለው ደቡብ አፍሪካ ያን ጨዋታ የተሸነፈችው በአየሩ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ ባፋናዎች ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር። ደሴ ደግሞ 2,500 አካባቢ ነው፣ እዚህ ስቴድየም ቢኖር ማንም አይችለንም ነበር ወላሂ

ቦርከና፦ ደሴ በክረምት ጉም ውስጥ ኳሱ ይታያል? ኤርፖርቱ ያለው ኮምቦልቻ ነው፣ እንግዳ ቡድን ከአውሮፕላን ወርዶ ሐረጎን ሽቅብ ሊወጣ ነው? ስቴድየም ከተሰራ ኮምቦልቻ ነው የሚሰራው

ጦሳ፦ ኮምቦልቻ 1,850 ነው ወንድሜ፣ ያ ከፍታ ምን ይጠቅመናል፣ እነሱም ይመቻቸዋል

ቦርከና፦ ለኛም ልጆች ይመቻቸዋላ! እናንተ ሁሉን ነገር ወደ ላይ መጎተት ነው

የሆጤ ልጅ፦ ሁለታችሁም ተዉ፣ መጀመሪያ ሆጤ ሜዳ ይስተካከል

ጋሼ ዳኛው፦ የደሴና የኮምቦልቻን ነገር ለሌላ ቀን። ጨዋታው የተሸነፈው በአየር ነው የሚለውንም አልቀበልም፣ ሩስተንበርግ ላይም አቻ ወጥተናል። ስቴድየም ግን ዋና ጉዳይ ነው፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ ሜዳዎቻችንን ከከለከለ በኋላ ለዓመታት በሜዳችን የምንለው ጨዋታ ሰው አገር ነበር። ጋናን በ2021 በፈረንጅ ያስተናገድነው ጆሃንስበርግ፣ ግብጽን በ2022 ያሸነፍነው ሊሎንግዌ። ቀጣይ።

ሐረጎ፦ ጋሼ ብራዛቪል ላይ አቻ ብንወጣ ይበቃን ነበር ይላሉ ሰዎች፣ እውነት ነው? 2005 ጳጉሜ በኛ

ጋሼ ዳኛው፦ ዘመኑን ስለለየህ እግዜር ይስጥልኝ። ሰዎቹ ተሳስተዋል፣ እስቲ አብረን እናስላው። ከመጨረሻው ጨዋታ በፊት፣ ፎርፌው ከተቀነሰ በኋላ፣ እኛ 10፣ ደቡብ አፍሪካ 8፣ ቦትስዋና 7። ደቡብ አፍሪካና ቦትስዋና እርስ በርስ ይጫወታሉ። ደቡብ አፍሪካ 4 ለ 1 አሸነፈች፣ 11 ሆነች። እኛ አቻ ብንወጣ እኛም 11። በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ነጥብ እኩል ሲሆን መጀመሪያ የሚታየው የጎል ክፍያ ነው፣ ካገባኸው ላይ የገባብህ ሲቀነስ ማለት ነው፣ እርስ በርስ ያደረጉት አይደለም። የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ነው እርስ በርሱን የሚያስቀድመው፣ ሰው የሚያምታታው እዚህ ጋ ነው። የኛ ጎል ክፍያ በዚያ ሰዓት አንድ ብቻ ነበር፣ የነሱ ከአራቱ ጎል በኋላ ሰባት። አለቀ፣ ወድቀን ነበር። ደቡብ አፍሪካን በእርስ በርስ ብንበልጥም ምንም አይጠቅመንም።

እና ሌላ ልጨምርልህ። ፎርፌው የወሰደው ሦስት ነጥብ ብቻ አይደለም። 2 ለ 1 ያሸነፍነው 0 ለ 3 ተብሎ ሲጻፍ ከአንድ ጎል ትርፍ ወደ ሦስት ጎል እዳ ወረድን፣ በጎል ክፍያ አራት ማለት ነው። ያ ካርድ በደብተር ተይዞ ቢሆን ኖሮ ደቡብ አፍሪካን ባሸነፍን ቀን 13 ይዘን፣ እነሱ 8 ላይ፣ አንድ ጨዋታ እየቀረ ምድቡ ተዘግቶ ነበር። ብራዛቪል የሄድነው ለመዝናናት ይሆን ነበር። ልጆቹ ያን ሁሉ ጫና ተሸክመው ሄደው ማሸነፋቸውን ማንም አያወራላቸውም፣ እኔ ከምድቡ በኋላ ከናይጄሪያ ጋር ካደረግነው የመጨረሻ ዙር ማጣሪያ ይልቅ እሱን ነው የማደንቀው።

መናፈሻ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ ጋሼ 3 ነጥብ ለምን ነበር የተቀነሰብን?

ጋሼ ዳኛው፦ ከላይ አለ። አንብብ።

ሸርፍ ተራ፦ እኔ የሰማሁት ምንያህል ቀይ ካርድ ነበረው ነው፣ ይኸው ስክሪንሾት አለኝ

ጋሼ ዳኛው፦ ቀይ አይደለም፣ ሁለት ቢጫ፣ ሁለት የተለያየ ጨዋታ። ስክሪንሾት ይዛችሁ አትምጡብኝ።

አራዳ፦ ናይጄሪያስ ጋሼ? አዲስ አበባ ላይ እየመራን ነበር እኮ

ጋሼ ዳኛው፦ በኃይሉ አሰፋ አገባ፣ ኤመኒኬ ሁለት፣ ሁለተኛዋ መጨረሻ ደቂቃ ላይ በፔናሊቲ። 1 ለ 2። እነሱ አገር ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸነፍን። ደርሶ መልስ 4 ለ 1። ስለዚህ ጨዋታ ከዚህ በላይ አላወራም፣ ዛሬ ስለ ምድቡ ነው።

ጦሳ፦ ሰውነት ያን ቀን ተከላካይ ቢጨምር ኖሮ

ቦርከና፦ በሜዳህ አቻ ይዘህ ካላባር ብትሄድ ያው ነው፣ ማጥቃት ነበረበት

ጦሳ፦ 1 ለ 1 እና 1 ለ 2 አንድ ነው? ምን ነካህ

ጋሼ ዳኛው፦ ዛሬ ስለ ምድቡ ነው አልኩ።

ቧንቧ ውሃ፦ በካርድ የተቀጣነው እኛ ብቻ ነን ወይ? እኛ ላይ ብቻ ነው የሚጠነክሩት ይባላል

ጋሼ ዳኛው፦ ይሄ በጣም የተሳሳተ ወሬ ነው፣ ስለጠየቅከኝ ደስ ብሎኛል። በዚያው ማጣሪያ ቶጎ ካሜሩንን አሸንፋ ሮማኦ የሚባለውን የተቀጣ ተጫዋች ስላሰለፈች 3 ለ 0 ተፈረደባት። ኢኳቶሪያል ጊኒም ኬፕ ቨርድን አሸንፋ 3 ለ 0 ተፈረደባት፣ የሷ ግን በካርድ ሳይሆን ለሷ መጫወት የማይፈቀድለት ተጫዋች ስላሰለፈች ነው። ኬፕ ቨርድ ደግሞ በተራዋ ቱኒዚያ ሄዳ 2 ለ 0 አሸነፈች፣ ምድቡን ጨረሰች ተባለ፣ ቫሬላ ቅጣት ላይ እያለ ተሰልፎ ነበርና ውጤቱ ተገልብጦ ቱኒዚያ አለፈች። ከኛ የባሰ አሳዛኝ እሷ ነች፣ እኛስ ቢያንስ ምድቡን ጨርሰናል።

ደግሞ ሩቅ አትሂዱ። ደቡብ አፍሪካ ራሷ፣ በ2025 በፈረንጅ፣ ለ2026 ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ፣ ሌሶቶን 2 ለ 0 አሸነፈች፣ ሞኮና ሁለት ቢጫ ነበረበት፣ ተሰለፈ። ፊፋ 3 ለ 0 ለሌሶቶ ፈረደ። በኛ ላይ የደረሰውን በዓይኗ ያየች፣ ያኔም ተጠቃሚ ልትሆን የነበረች አገር ማለት ነው። እሷ በመጨረሻ 18 ነጥብ ይዛ ምድቡን አንደኛ ሆና አለፈች፣ ናይጄሪያና ቤኒን 17። ለጥቂት ነው የተረፈችው። ፕሮፌሽናል ሊግ ያለው አገር ከተሳሳተ እኛ ስንት እጥፍ መጠንቀቅ እንዳለብን አስቡት።

ሸዋበር፦ የ2026ቱስ ምድባችን? ግብጽ ያለችበት

ጋሼ ዳኛው፦ ግብጽ 26፣ ቡርኪና ፋሶ 21፣ እኛ 9፣ ከስድስት አምስተኛ። ጅቡቲን 6 ለ 1 እና ጊኒ ቢሳውን 1 ለ 0 ብቻ ነው ያሸነፍነው። ግብጽን በሜዳችን ያልነው ካዛብላንካ ነው፣ 2 ለ 0 ተሸነፍን። እዚህ ላይ ካርድ አልጎዳንም፣ ተበልጠን ነው።

መናፈሻ፦ ሳላዲን ይሻላል ጌታነህ?

ጋሼ ዳኛው፦ አልመልስም።

ሮቢት፦ ጋሼ ይቅርታ እኔ የሰፈራችን ቡድን መሪ ነኝ፣ አንቱ ሁሌ ደብተር ደብተር ይላሉ፣ ምን ምን ይጻፍበት?

ጋሼ ዳኛው፦ አብሽር ልጄ፣ ይቅርታ አያስፈልግም፣ የዛሬው ምርጥ ጥያቄ ያንተ ነው። ስኩዌር ደብተር ግዛ፣ ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጽ። ከላይ ሙሉ ስሙን እንደ መታወቂያው፣ ማልያ ቁጥር ብቻ ከጻፍክ ቁጥር ሲቀያየር ትጠፋለህ። ከዚያ ቀን፣ ውድድር፣ ተጋጣሚ፣ የካርዱ አይነት፣ ደቂቃው፣ መጨረሻ ላይ ቅጣቱን የጨረሰበት ጨዋታ። ውድድር የሚለውን አትዝለል፣ የሊግህ ካርድና የዋንጫ ጨዋታህ ካርድ እንደየደንቡ ነው የሚቆጠረው። ጨዋታ እንዳለቀ ሳትወጣ ከዳኛው ሪፖርት ጋር አመሳክር፣ ዳኛም 6 ቁጥርን 9 ብሎ ሊጽፍ ይችላል፣ እኔ ዳኛ ስለነበርኩ አውቃለሁ። ልብ በል፣ በአንድ ጨዋታ ሁለት ቢጫ አይቶ ከወጣ እነዚያ ሁለቱ በቀዩ ውስጥ ይገባሉ፣ በፊፋ ደንብ ለብቻ አይደመሩም። መጀመሪያ ቢጫ አይቶ ከዚያ በቀጥታ ቀይ ከወጣ ግን ቢጫዋ ትቆያለች፣ ትጻፋለች። ቀጣዩ ጨዋታ ዋዜማ ላይ አሰልጣኙ ስም ከማውጣቱ በፊት ደብተሩን ፊቱ ክፈትለት፣ መቀመጥ ያለበትን በቀይ እስክሪብቶ አክብብ፣ አስፈርመው። ይቆጣሃል፣ ዋና አጥቂው ከሆነ የባሰ ይቆጣሃል፣ አስፈርመው።

ሮቢት፦ ቅጣቱ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል ጋሼ?

ጋሼ ዳኛው፦ የውድድሩን ደንብ አይተህ ነው፣ አንዱ ከሌላው ይለያል። የናንተን ደንብ ፎቶ አንስተህ በውስጥ ላክልኝ፣ ነገ ከስራ ስወጣ አይቼ እነግርሃለሁ። ለሌሎቻችሁ፣ ደክሞኛል፣ ነጥቡ ለምን ተቀነሰ ብላችሁ የምትጠይቁ ካላችሁ ለአራዳ የመለስኩትን አንብቡ።