ቀዩ ፍሬ ስኳር ያወርዳል? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው ዶግውድ ስለሚባሉት ዛፎች የሚበሉ ፍሬዎች ስጽፍ፣ ቅላታቸው አንቶሲያኒን ከሚባል የተፈጥሮ ቀለም እንደሚመጣ ነግሬያችሁ ነበር። ከርከዴንና ቀይ ሽንኩርትን የሚያቀላውም እሱ ነው። ደብዳቤው በዝቷል፣ እንጀምር።

አንዲት እህት ኢስታንቡል ውስጥ ኪዚልጅክ (ቱርኮች ከሚበሉት የዶግውድ ፍሬዎች አንዱን የሚጠሩበት ስም ነው) ገዝታ ማርማላታ ሠራች። ቢኮመጥጣት ጊዜ ቤኪንግ ሶዳ ጨመረችበት። ቀዩ ጠቆረ። ተበላሸ ወይ?

አልተበላሸም፤ ግን ምነው ሶዳ! አንቶሲያኒን ኮምጣጣ ውስጥ ይቀላል፣ ሶዳ ሲያገኘው ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ሎሚ ጠብ አድርጊበት፣ ከቅላቱ ትንሽ ሊመለስ ይችላል። ሌላ ጊዜ ብዙ አታንተክትኪው፤ ጠርሙሱንም ፍሪጅ አስገቢው። ሙቀትና ብርሃን ቀለሙን ቡናማ ያደርጉታል።

አንድ አባት ከቨርጂኒያ፦ ግቢያችን ያለው ዶግውድ ቀይ ፍሬ አፍርቷል፣ ልጆቹ ይብሉት?

የትኛው ዶግውድ? የቨርጂኒያ መለያ የሆነው ዛፍ ፍሬው ትንሽ፣ ልሙጥና የሚያብለጨልጭ ነው፤ ተሰብስቦ ይወጣል። እሱን ለወፍ ይተዉት። መራራ ነው፣ ሆድም ያውካል። ከምሥራቅ እስያ የመጣው ኩሳ የሚባለው ዶግውድ ግን በረጅም ዘንግ ይንጠለጠላል፤ ቆዳው ጎርበጥባጣ፣ ውስጡ ብርቱካንማ ነው። እሱ ይበላል። መለየት ካቃተዎት አያስበሏቸው። ልጅ ያልታወቀ ፍሬ ከዋጠ ደግሞ ለእኔ አይጻፉ፤ የመርዝ መረጃ ማዕከል 1-800-222-1222 ይደውሉ።

"ከነዘሩ መዋጥ ይቻላል?"

ምን አስቸኮለህ? ትፋው።

ያሳሰበኝ ከፍራንክፈርት የመጣው ነው። ጸሐፊው የኪዚልጅክ ዱቄት በካፕሱል ለእናቱ አዲስ አበባ ልኳል። እማማ ደግሞ "የተፈጥሮ ነው" ብለው የስኳር ክኒናቸውን ቀንሰዋል። ልክ ነው ወይ ይለኛል።

ልክ አይደለም። ተስፋው ከሜዳ የመጣ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጥናት የፍሬው አንቶሲያኒን ስብ የበዛበት መኖ በሚበሉ አይጦች ላይ ውፍረትን እንደቀነሰ አሳይቷል። አይጦች ናቸው እንግዲህ። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመው የኢራን ሙከራ በሰው ላይ ነበር፦ 60 የሁለተኛው ዓይነት ስኳር ሕመምተኞች፣ 6 ሳምንት፣ በቀን 600 ሚሊግራም አንቶሲያኒን። የወሰዱት ሰዎች የሦስት ወር ስኳራቸው ወረደ። ደስ ይላል። ግን ምርመራው የሚለካው በቀይ የደም ሴል ላይ የተጣበቀውን ስኳር ነው፤ የሦስት ወር የሚባለውም ሴሉ 120 ቀን ገደማ ስለሚኖር ነው፤ 6 ሳምንት የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም። 60 ሰውም የወሰዱትና ያልወሰዱት ተብሎ ለሁለት ሲከፈል ጥቂት ነው። ካፕሱሉ ላይ የተጻፈው ሚሊግራም ደግሞ የዱቄቱ ነው ወይስ የአንቶሲያኒኑ? አገላብጠህ እየው።

ክኒኑን የቀነሰው ሐኪም አይደለም፤ ችግሩ እዚያ ላይ ነው። ዛሬውኑ ደውልላቸው፣ ካፕሱሉን ይዘው ሐኪማቸው ጋ ይሂዱ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን የስኳር ክኒንም የሚወስዱ ከሆነ ሲደራረብ ስኳራቸው ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ይሄ ለነገ የሚባል አይደለም።

ቢጫው ኪዚልጅክ ዋጋ የለውም ወይ?

አንቶሲያኒን የለውም ማለት ይቻላል፤ ቢጫነቱ ካሮቲኖይድ ከሚባለው፣ ካሮትን ከሚያቀልመው ዓይነት ቀለም ነው። ሎጋኒክ አሲድ የሚባለው ቀለም አልባ ውህድ ግን በቢጫውም በቀዩም አለ። ጣፍጦሽ ከሆነ ብይው።

አዲስ አበባ ይበቅላል?

ኪዚልጅክ በደንብ የሚያብበው ረጅም የብርድ ወራት ተኝቶ ሲነሣ ነው። የእኛ የማለዳ ብርድ አይበቃውም። ዘሩም ለመብቀል እስከ ሁለት ዓመት ሊያስጠብቅ ይችላል። ቦታ ካለዎት ኮክ ይትከሉ።