ፍሪሲዮን ከመላካችሁ በፊት መኪናው በምን ላይ እንደሚቆም ጠይቁ

ሰሜን ሸዋ ላለ ቤተሰቡ መኪና የገዛ ዲያስፖራ ሁሉ፣ ይዋል ይደር እንጂ አንድ ቀን ስልኩ ይጮሃል፦ «ወንድም ጋሼ፣ ፍሪሲዮኑ አልቋል እያለ ነው መካኒኩ።» ፍሪሲዮን የሞተሩን ጉልበት ከካምቢዮው፣ ማለትም ከማርሽ ሳጥኑ፣ ጋር የሚያገናኝና የሚያላቅቅ ክላች ነው። በሹፌሩ አትፍረዱ፣ መንገዱ ነው። ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ በደብረ ሲና በኩል ጣርማ በርን የሚወጣ መኪና ከ1,300 ሜትር ገደማ ወደ 3,000 ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ደብረ ብርሃን ላይ ብቻ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ማሽላ የጫነ ፒካፕ ያን ዳገት በጉም ውስጥ ከተሳቢ ኋላ እየቆመ ሲወጣ፣ ሹፌሩ ነዳጅ እየሰጠ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዞ ከማስነሳት ሌላ ምርጫ የለውም። ሸራው፣ ማለትም የፍሪሲዮኑ የሚፋቀው ክብ ሳህን፣ የሚቃጠለው እዚያ ነው። ወደ መሐል ሜዳ ወይም የጀማን ሸለቆ ተሻግሮ ወደ ዓለም ከተማ የሚመላለስማ ከዚህም ፈጥኖ ይጨርሳል።

የቤንዚንና የናፍጣ የግል መኪና ከውጭ እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ ያለችውን መኪና እየጠገኑ መያዝ ግድ ሆኗል። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ መካኒክ ግቢ ድረስ ጠርቶ፣ ያለ ሊፍትና ያለ ጉድጓድ ካምቢዮ ያስወርዳል። ይቻላል፤ በደንብ የሠሩት ብዙ ናቸው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነው። እኛ ከውጭ ውድ ፍሪሲዮን ገዝተን እንልካለን፣ ያንን ፍሪሲዮን የሚያስረው ልጅ ግን ብሎኬት ላይ በተንጠለጠለ መኪና ሥር ተኝቷል።

ብሎኬት በየግቢው አለ፤ ቤት የሚሠራ ሰው የማይጠፋበት ሰፈር ነውና እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ እሱ ነው። ነገር ግን ውስጡ ባዶ ነው። ክብደቱ በአንድ ጠርዝ ላይ ሲያርፍበት ሳያስጠነቅቅ በአንዴ ይፈረካከሳል። የተደራረበ ድንጋይም ካምቢዮ ሲነቀነቅ ይንሸራተታል። ክሪክ ደግሞ የተሠራው ለማንሳት ነው፤ ጎሚኒው ካለቀ ዘይቱን እያፈሰሰ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ አንዳንዴም ቀስ ብሎ አይደለም። ስለዚህ ሌላ ምንም ሳትገዙ በፊት ጭነት የሚችሉ አራት የብረት ማቆሚያ እግሮች ግዙ። ከውጭ መሸከም ካልቻላችሁ አዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ አስፈልጓቸው። ዋጋቸው ከፍሪሲዮኑ ጋር ቢወዳደር እንኳ ቅድሚያው የእነሱ ነው።

መሬቱንም አስቡት። የደብረ ብርሃን ዙሪያ ጥቁር አፈር በክረምት የክሪክን እግር ይውጣል፤ በበጋም ቢሆን ከላይ የደረቀ መስሎ ከሥር ሊለሰልስ ይችላል። ሲሚንቶ የፈሰሰበት ቦታ ከሌለ በየእግሩ ሥር ሰፊና ወፍራም ጣውላ ይነጠፍ። ቦታው ደልዳላ ይሁን፤ መሬት ላይ የቀረ ጎማ ካለ ከፊትና ከኋላ ይታገድ። እግሮቹ ከሻንሲው ሥር እንጂ ከቀጭን ቆርቆሮ ሥር አይግቡ። የወለቁ ጎማዎች በጎን በኩል ከሻንሲው ሥር ተጋድመው ይቀመጡ፤ ምናልባት አንዱ እግር ቢከዳ መኪናው ጎማው ላይ ያርፋል። ማንም ሥሩ ከመግባቱ በፊት መኪናው በሁለት ሰው በኃይል ይነቅነቅ። አንድ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ውጭ ይቁም፤ ቡና ሊጠጣ ቢሄድ እንኳ ሥራው ይቁም።

አሁን ወደ ፍሪሲዮኑ። ብር ከመላካችሁ በፊት በእርግጥ ማለቁን በቪዲዮ ስልክ እያያችሁ አስፈትሹ። ሞተሩ ይሙቅ፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ከፊት ለፊት ሰው አይቁም፣ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ማርሽ ይግባና ፔዳሉ ቀስ ተብሎ ይለቀቅ። ጤነኛ ፍሪሲዮን ሞተሩን ወዲያው ያጠፋዋል፤ ሞተሩ ሳይጠፋ መዞሩን ከቀጠለ ሸራው ያንሸራትታል ማለት ነው። ማርሽ አልገባ ማለት ግን ሌላ በሽታ ነው። ብዙ ጊዜ የላይኛው ወይም የታችኛው የፍሪሲዮን ፓምፕ ዘይት አፍስሶ ይሆናልና ካምቢዮ ሳይወርድ ይድናል። ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ የሚመጣ ጩኸት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው።

ዕቃው ላይ ብዙዎቻችን የምንሸወደው በመኪናው ስም ስለምንገዛ ነው። አውሮፓ የተሸጠ ሃይሉክስና ከዱባይ በኩል የገባ ሃይሉክስ ስማቸው አንድ ሆኖ ሞተራቸው ሊለያይ ይችላል። ከጃፓን መጥተው መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪኖችማ የሻንሲ ቁጥራቸው 17 ፊደልና አኃዝ አይሞላም፤ እናንተ አገር ያለው ሱቅ ኮምፒውተሩ ላይ አያገኘውም። ስለዚህ የሻንሲ ቁጥሩንና የሞተሩን ኮድ በፎቶ አስልኩ። ከተቻለ አሮጌው ሸራ ወርዶ ስፋቱ ይለካ፣ መሐሉ ላይ ያሉት ጥርሶችም ይቆጠሩ። ስትገዙ ሸራውን፣ ሸራውን የሚጫነውን ፕሬዠር ፕሌትና ኩሽኔታውን አንድ ላይ ግዙ። ካምቢዮ ማውረድ ራሱ የቀን ሥራ ነው፤ ለአንድ ርካሽ ኩሽኔታ ብሎ ሁለተኛ ማውረድ ልብ ያቆስላል። ሙሉው ዕቃ ብረት ስለሆነ ከ23 ኪሎው ሻንጣችሁ ደህና ድርሻ ይወስዳል። ሸራውን መሐል ላይ የሚያስይዘውን የፕላስቲክ ዘንግ አትርሱ፤ ክብደት የለውም፣ ግማሽ ቀን ያተርፋል።

ከኋላ ጎማ በሚነዳ ፒካፕ ላይ ሥራው እንዲህ ይሄዳል። የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታል፤ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ከመፈታቱ በፊት የሚገጥሙት ሁለት ፊቶች በቀለም ምልክት ይደረግባቸዋል። የታችኛው ፓምፕ ቱቦው ሳይፈታ ወደ ጎን ይታሰራል። ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) ይወጣል፣ የካምቢዮው ቡሎኖች ይፈታሉ። ክሪኩ ግን ከዚያ በፊት ከካምቢዮው ሥር ገብቶ፣ ካምቢዮው በሰፊ ቀበቶ ከክሪኩ ጋር መታሰር አለበት። የፕሬዠር ፕሌቱ ቡሎኖች በመስቀለኛ፣ ትንሽ ትንሽ እየተባለ ይላላሉ፤ አንዱ ጎን ብቻ ከተፈታ ብረቱ ይጣመማል። ውስጥ ያለው አቧራ በአፍም በኮምፕረሰርም አይነፋ፤ የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል እርጥብ ጨርቅ ይጥረገው። ቮላኖው፣ ማለትም ሸራው የሚያርፍበት የሞተሩ ከባድ ክብ ብረት፣ ላይ ሰማያዊ የቃጠሎ ነጥብ ወይም ስንጥቅ ከታየ ቶርኖ ቤት ይሂድ ወይም ይቀየር። ከሞተሩ ጀርባ ዘይት ካለ ኦይል ሲሉ (ዘይት የሚያግደው ጎሚኒ) አሁኑኑ ይቀየር፤ አዲስ ሸራ ዘይት ከነካው ተመልሶ ያንሸራትታል።

ከሁሉ ከባዱ ካምቢዮውን መልሶ ማስገባት ነው። እዚህ ላይ ሰው ይደክማል፣ ይመሻል፣ የደብረ ብርሃን ብርድም ጣት ያደነዝዛል። ያኔ ነው «ቡሎኑን እያጠበቅን እንሳበው» የሚባለው። በጭራሽ አይሞከር። ካምቢዮው በእጅ ተገፍቶ ከሞተሩ ጋር ሙሉ በሙሉ ካልገጠመ ቡሎን አይጥበቅ፤ በቡሎን የተሳበ ካምቢዮ ቡሎን የሚገባበት ጆሮው ሊሰበር ይችላል። በሸራው ውስጥ በገባው ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎም አይለቀቅ፤ የሸራው መሐል ይጣመምና አዲሱ ፍሪሲዮን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይንቀጠቀጣል። የሞተሩና የካምቢዮው ፊቶች እኩል ዝንባሌ ይኑራቸው፣ ካምቢዮው ማርሽ ውስጥ ይግባ፣ አንዱ ከካምቢዮው ኋላ የሚወጣውን ዘንግ ቀስ እያለ ያዙረው፣ ሌላው ይግፋ። ጥርሱ ሲገናኝ በራሱ ይገባል። ከመሸ ካምቢዮው መሬት ይውረድና ሥራው ለነገ ይደር። እናንተም በስልክ «አላለቀም ወይ?» እያላችሁ አታጣድፉ።

የፊት ጎማ የሚነዳቸው እንደ ቪትዝና እንደ አብዛኛው ኮሮላ ያሉ ግን ካምቢዮው ሲወርድ ሞተሩ ራሱ ከላይ መያዝ አለበት። የሚይዘው ጠንካራ ብረት ግቢ ውስጥ ከሌለ ጋራዥ ይግቡ፤ የጋራዡን ክፍያ እናንተ ቻሉት።

ሲያልቅ የካምቢዮው ዘይት ይሞላ፣ ፔዳሉ ይፈተሽ። መጀመሪያ ሜዳ ላይ ባዶውን ይነዳ። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር እስኪሄድ ጭነት አይጫን፤ ጣርማ በርም ቢሆን ጭኖ መውጣቱ ለሚቀጥለው ሳምንት ይቆይ።