«አልሞትንም እኮ» የሚል ባል

«ዶክተር፣ 34 ዓመቴ ነው። ካገባሁ 9 ዓመት ሆነኝ፤ የ6 ዓመት ሴት ልጅ አለችን። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም። አይጠጣም፣ አይሳደብም። ግን ሁሉ ነገሩ ‹ነገ› ነው። የመታጠቢያ ቤታችን ቧንቧ ሦስት ወር ሲያንጠባጥብ ቆይቶ የታችኛውን ጎረቤት ኮርኒስ አበሰበሰው። በመኪናው ቦሎም ተቀጥተናል። ሐምሌ ላይ ግን የባሰ መጣ። ብርድ ስለነበር ማታ ቡና ጠጥተን ማንደጃውን እኔና ልጄ የምንተኛበት ክፍል አስገባው። ‹ትንሽ ያሙቃችሁ፣ ልተኛ ስል አወጣዋለሁ› አለ። ሳሎን ስልኩ ላይ ኳስ ሲያይ እንቅልፍ ወሰደው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ልጄ ስታስመልስ ነቃሁ። ልነሳ ስል እግሬ ከዳኝ። እህቴ ድምፄን ሰምታ ደረሰችልን። ልጄ ሆስፒታል ኦክስጅን ተደርጎላት በማግሥቱ ወጣች። አሁን ነገሩን ባነሳሁ ቁጥር ‹አልሞትንም እኮ! እግዜር አተረፈን፤ እስከ መቼ ነው?› ይለኛል። እኔ ሌሊት ሁለት ሦስቴ ተነስቼ ሲሊንደሩንና በሩን አያለሁ። ልጅቷን ከትምህርት ቤት እንዲያመጣት እንኳ አላምነውም። እሱ ደግሞ ‹እንደ ሕፃን አታድርጊኝ› ይላል። የሚወደን ሰው እንዴት ይረሳል? ይለወጣል ብዬስ ልጠብቅ?»
እናት፣ ከአዲስ አበባ

እህቴ፣ እንኳን ተረፋችሁ። አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ።

ከከሰሉ ልጀምር፤ ምክሩ ይደርሳል። ብዙ ቤት «ጭሱ ካለቀ፣ ፍሙ ከቀላ ችግር የለውም» ይባላል። ውሸት ነው። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ከደማችን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ነው። ሰውነት ኦክስጅን ያጣል፤ ለዚህ ነው እግርሽ የከዳሽ። ራስ ምታቱንና ማስመለሱን ሰው ጉንፋን ወይም የምግብ መመረዝ ይመስለዋል፤ መልሶ ይተኛል፣ በዚያው ይቀራል። ማንደጃ መኝታ ክፍል አይገባም። በቃ። ይህ ከባልሽ ጋር የምትከራከሩበት ነገር አይደለም።

አሁን ወደ እሱ። «የሚወደን ሰው እንዴት ይረሳል?» ብለሻል። ምናልባት በልብሽ «ኳሱን መቼ ረስቶ ያውቃል?» እያልሽም ይሆናል። እውነትሽን ነው፣ አይረሳም። ግን ኳሱን የሚያስታውሰው ስንት ነገር እንዳለ አስቢ። ጓደኛው ይደውላል፣ ስልኩ ይጮኻል፣ ሰፈሩ ሁሉ ያወራል። ማንደጃ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ዝም ነው የሚለው። «በኋላ አደርገዋለሁ» ያልነውን ነገር ጊዜው ሲደርስ የሚያስታውሰን ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ቀስቃሽ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከመርሳቱ ተነስተሽ «አይወደንም» አትበይ። ይህን የምልሽ ጥፋቱን ላቀልለት አይደለም። የመጨረሻው ጥፋት መርሳቱ ነው፤ የመጀመሪያው ግን ፍም ያለበትን ማንደጃ ልጅ የምትተኛበት ክፍል አስገብቶ በ«በኋላ» መተማመኑ ነው። እሱ መርሳት አይባልም፣ እንዝህላልነት ነው።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን «አልሞትንም እኮ» የሚለው ነው። ሰው ከአደጋ ለጥቂት ሲተርፍ ከዚያው ሌሊት ሁለት ትምህርት ሊወስድ ይችላል። አንዱ «ለጥቂት ነበር» ነው። ሌላው «ምንም አልሆንንም» ነው። ሁለተኛው አደገኛ ነው፤ የሚቀጥለውን ጥፋት ያደፋፍራል። ቧንቧው ሦስት ወር ሲያንጠባጥብ ቤቱ አልፈረሰም። ቦሎው አለፈ፣ ቅጣት ተከፈለ፣ መኪናው ሄደ። እያንዳንዱ «ምንም አልሆነም» ተጠራቅሞ ነው ማንደጃው መኝታ ቤት የገባው።

ደግሞ አንድ ነገር አለ። «አልሞትንም እኮ» የሚል ወንድ አንዳንዴ ውስጡ አፍሮ ነው። ልጁን ሊገድል እንደነበር ማመን ለአባት ከባድ ነው። ስለዚህ ጮክ ብሎ «እስከ መቼ?» ይላል። አንቺ የምትሰሚው ንቀት ነው፤ ውስጡ ያለው ኀፍረት ሊሆን ይችላል። ኀፍረትን ደግሞ ጭቅጭቅ ያደነድነዋል እንጂ አያለሰልሰውም።

አትቀየሚኝና ስለዚያች ማታ አንድ ጥያቄ ላንሳ። ስትተኚ ማንደጃው አጠገብሽ ነበር። እህትሽም ቤት ነበረች። ለምን ማንም አላወጣውም? «እሱ አወጣዋለሁ ብሏላ!» ትይኛለሽ። አዎ፣ ነገሩም እዚህ ጋ ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. ላታኔና ዳርሊ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሰዎች መጠይቅ ሲሞሉ ክፍሉ ውስጥ ጭስ ለቀቁባቸው። ብቻቸውን ከነበሩት 75 በመቶው ወጥተው ተናገሩ። አጠገባቸው ዝም ብለው የሚቀመጡ ሁለት ሰዎች ሲደረግ ግን የተናገሩት 10 በመቶ ብቻ ናቸው። ሌላው ዝም ሲል እኛም «ምንም የለም» ብለን ዝም እንላለን፤ ሰው በበዛበት ኃላፊነትም ይሳሳል። ጥፋቱን ወደ አንቺ ማዞሬ አይደለም። እሳትን በሚመለከት ግን «የማን ተራ ነው» የሚባል ነገር የለም፤ ያየ ሰው ያወጣል።

ምን ታድርጊ? ልጅቷ ከተኛች በኋላ፣ ካልተጣላችሁበት ቀን ምረጪ። «አንተ ሁልጊዜ…» ብለሽ አትጀምሪ። የሆነውን ብቻ ንገሪው፦ «እግሬ ሲከዳኝ ልጄ ሞተች ብዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልተኛሁም።» ከዚያ ዝም በይ። መልሱን አትቀሚው። «ጥፋቴ ነው» የሚለው ቃል ሳይወጣ የሚገባ የ«እለወጣለሁ» ቃል ኪዳን ብዙም አይቆይም።

ሁለተኛ፣ «ነገ» የሚለውን ቃል ከቤታችሁ አውጡ። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ፒተር ጎልዊትዘር ያጠናው ቀላል መንገድ አለ። «አደርገዋለሁ» ከማለት «ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ» ማለት ነው። «በረካው ተጠጥቶ ጀበናው ሲነሳ፣ ማንደጃውን በረንዳ አወጣለሁ።» ጀበናው ቀስቃሽ ሆነ ማለት ነው። አንቺ አይደለሽም ቀስቃሿ። ይህን ልብ በይ፤ አስታዋሹ አንቺ ከሆንሽ ሥራው አሁንም ያንቺ ነው። እሱም «እንደ ሕፃን» የሚለው አይቀርለትም።

ይለወጣል ወይ ላልሽኝ፣ አንድ ነገር ጠይቂ፦ መቼ ጀመረው? ከልጅነቱ ጀምሮ ዕቃ የሚጥል፣ የጀመረውን የማይጨርስ ከሆነ የትኩረት ችግር ሊሆን ይችላል፤ አዋቂዎችም ላይ አለ፣ ይታከማል። ባለፉት አንድ ሁለት ዓመታት የመጣ ከሆነ ደግሞ ድብርት ወይም እንቅልፍ ማጣት ሊኖር ይችላል። ሁለቱንም የአእምሮ ሐኪም ይለየዋል። እናቱን ብትጠይቂ ግማሹን መልስ ታገኛለሽ።

ያንቺም ነገር አለ። ከእንዲህ ያለ ሌሊት በኋላ ለተወሰኑ ሳምንታት መደንገጥ የተለመደ ነው። ከወር በላይ ሌሊት እየተነሳሽ ሲሊንደር የምታዪ ከሆነ፣ ያቺ ሌሊት በሕልምሽ የምትመጣ ከሆነ፣ አንቺም ባለሙያ ጋ ሂጂ። እሱ እስኪለወጥ አትጠብቂ።

ልጅቷን ማምጣቱን ቀስ ብለሽ መልሺለት፤ መጀመሪያ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሰዓቱን ስልኩ ላይ ራሱ ይሙላ። ልጅንና እሳትን በሚመለከት «ይማርበት» ብለሽ ዝም እንዳትይ። ቧንቧውን ግን ተይው። ቧንቧ ሠራተኛ አትጥሪለት። ጎረቤታችሁ መጥቶ ሲያንኳኳ በሩን እሱ ይክፈት።