ዶሮዎቼን የገደላቸው ፈንግል ነው ወይስ መርዝ?

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን ከተማ በግቢዬ ውስጥ 14 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ነበሩኝ። ለፋሲካ ከገበያ የገዛኋትን አንዲት የሐበሻ ዶሮ ሳላርዳት ከእነሱ ጋር ቀላቀልኋት። በሳምንቷ እሷ ሞተች፤ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ደግሞ ከነባሮቹ 7ቱ በስድስት ቀን ውስጥ አለቁ። ማታ በደህና ቆጥ ላይ ወጥተው ጠዋት ወድቀው አገኛቸዋለሁ። ጎረቤቶቼ ፈንግል ነው ይላሉ፤ ባለቤቴ ግን በምንመግባቸው ገብስ ላይ የነቀዝ መድኃኒት ስለተጨመረ መርዝ ነው ይላል። ቴትራሳይክሊን በውኃ በጥብጬ ብሰጣቸውም ሞቱ አልቆመም። መንስኤውን በምን ልለይ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የደረሰብዎት ጉዳት ለአንድ ቤተሰብ ቀላል አይደለም። እርስዎ ቀኑንና ቅደም ተከተሉን ለይተው መጻፍዎ ግን ለመልሱ በእጅጉ ረድቶናል፤ ከሁሉ በላይ የሚናገረው እሱ ነውና።

መርዝ ያገኛቸው ዶሮዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሞቱት በአንድ ቀን፣ አንዳንዴም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሲሆን፣ ቀድመው የሚወድቁትም ሌሎቹን ገፍተው ብዙ የሚለቅሙት ጠንካሮቹ ናቸው። ብዙዎቹ ፀረ ተባይ መድኃኒቶች ለሃጭ ያዝረበርባሉ፣ ያንቀጠቅጣሉ፣ እግር ያሽመደምዳሉ፤ የተመረዘው እህል ሲነሣም ሞቱ ይቆማል። በእርስዎ ግቢ የሆነው ከዚህ የተለየ ነው። መጀመሪያ የሞተችው ከገበያ የመጣችው ዶሮ ናት፤ ነባሮቹም የተከተሏት በአንድ ሌሊት ሳይሆን በተከታታይ ቀናት ነው። የፈንግል ቫይረስ ወደ ዶሮዋ ከገባ በኋላ ሕመሙ እስኪገለጥ ብዙውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ቀን ይወስዳልና፣ የእርስዎ ዶሮዎች አሟሟት ከዚህ ጋር ይስማማል። በበዓል ሰሞን ከየገጠሩ የመጡ ዶሮዎች በአንድ ገበያ ስለሚገናኙ፣ ሕመም የጀመራቸውንም ባለቤቶቻቸው ሳይሞቱባቸው ለመሸጥ ስለሚጣደፉ፣ በሽታው ወደ ጤነኛ ግቢ የሚገባው በአብዛኛው በዚሁ መንገድ ነው።

አረንጓዴ ተቅማጥ፣ አፍ ከፍቶ መተንፈስ፣ የአንገት መጣመም፣ የክንፍ መውደቅ ወይም ቅርፊቱ የሳሳ እንቁላል አይተው ከሆነ ጥርጣሬው ይበረታል። አላየሁም ማለት ግን ፈንግል አይደለም ማለት አይደለም፤ ኃይለኛው ዓይነት ምልክት ሳያሳይ ይገድላልና። በሌላ በኩል በባክቴሪያ የሚመጣው የዶሮ ኮሌራም ሥጋ ያላትን እንቁላል ጣይ ዶሮ በአንድ ሌሊት ሊጥላት ይችላል። ስለዚህ ወደ ፈንግል ብናደላም፣ ቁርጡን የሚነግረን የላቦራቶሪ ምርመራ ብቻ ነው።

በቴትራሳይክሊኑ ላይ ጠንከር ብለን መናገር እንፈልጋለን፣ ይህ ልማድ ብዙ ዶሮ አስጨርሷልና። ፈንግልን የሚያድን መድኃኒት የለም። መንስኤው ኮሌራ ቢሆን እንኳ መድኃኒቱን አስቀድሞ መስጠት ባክቴሪያውን በምርመራ ማግኘትን ያስቸግራል፤ እንቁላሉም ውስጥ ይቀራል። አሁን ያቁሙት፤ መስጠትዎንም ለመርማሪው ሳይደብቁ ይንገሩ።

ሌላ ዶሮ ከሞተች ከአንድ ቀን በላይ ያልቆየ ሬሳ ያስፈልጋል። እጅዎን በጓንት ወይም በፌስታል ሸፍነው፣ ሬሳውን በሁለት ፌስታል ጠቅልለው በበረዶ ያቀዝቅዙት፤ ፍሪዘር ውስጥ ግን አያስገቡት፣ የሰውነት ክፍሎቹ በረዶ ሆነው ሲቀልጡ ለምርመራ አይመቹምና። በመጀመሪያ በከተማዎ ያለውን የእንስሳት ሐኪም ያነጋግሩ፤ እሱም ወደ ኮምቦልቻ ወይም ሰበታ ላቦራቶሪ የሚላክበትን መንገድ ያመቻቻል። የሞቱበትን ቀን፣ ዕድሜያቸውን፣ የክትባት ታሪካቸውንና የሚበሉትን በወረቀት ጽፈው ያያይዙ። የቀሩትን ሬሳዎች ውሻ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ኖራ ነስንሰው ይቅበሩ። የፈንግል ቫይረስ የሰውን ዓይን ሊያስቆጣ ስለሚችል ሬሳ በነካ እጅዎ ዓይንዎን አይንኩ።

የቀሩትን 7 ዶሮዎች አሁን ማስከተብ ብዙም አያድናቸውም፤ ክትባት መከላከያ እስኪያበጅ ቀናት ይፈጅበታል፣ እያንዳንዷን ይዞ መልቀቁም በሽታውን ከአንዷ ወደ ሌላዋ ያሻግራል። ለመሸጥም አይውሰዷቸው፣ ለሌላም ሰው አይስጡ። ወደፊት በሚያረቧቸው ላይ ግን በቢሾፍቱ የሚመረተውን፣ ሙቀት የሚችለውንና በዓይን የሚንጠባጠበውን ክትባት በየሦስትና አራት ወሩ፣ በተለይም ክረምት ከመግባቱ በፊት ያስደግሙ፤ ሻጩ ጫጩት ሳሉ ተከትበዋል ማለቱ ለዓመት አያደርስም። አዲስ ዶሮ ሲገዙም ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ያቆዩ።

የባለቤትዎንም ጥርጣሬ አንጥለውም። ከገብሱ ግማሽ ኪሎ ያህል ለይተው ከሬሳው ጋር ይላኩ። ምን ዓይነት መድኃኒት፣ መቼና በምን መጠን እንደተጨመረ እስኪታወቅ ድረስ ከዚያ ገብስ ለቤተሰቡ ቆሎም ሆነ በሶ እንዳይዘጋጅ አደራ እንላለን።